የጎረቤት ምስክርነት፦ አባ ጆቫኒ ቫንቲኒና የኑብያ መዛግብት

በ580 አካባቢ ሎንጊኖስ የተባለ ጳጳስ ከአልዋ ምድር በላከው ደብዳቤ በዚያ አገር ስላገኛቸው አክሱማውያን ይናገራል። ሰዎቹ የክርስቶስ ሥጋ ከመነሻው ሕማምና ሞት አይነካውም የሚለውን የዩልያኖስን ትምህርት የያዙ ነበሩ፤ ጳጳሱም ተከራክሮ እንደመለሳቸው ይገልጻል። ነጋዴዎች ይሁኑ መነኮሳት ወይም ስደተኞች፣ አልጻፈውም። ቃሉ የተረፈው ዮሐንስ ዘኤፌሶን በሱርስት ባዘጋጀው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ስላስገባው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከኑብያ ክርስቲያን መንግሥታት አንዱ የነበረው የአልዋ መዲና ሶባ ነበረች። ፍርስራሿ ዓባይ ከእኛ አገር ወርዶ ካርቱም ሊገባ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በምሥራቅ ዳርቻው ላይ ይገኛል። ወንዙን ወደ ምዕራብ ለተሻገረ ሰው ደግሞ በካርቱም ደቡባዊ ጫፍ ማዮ አለ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጦርነትና ድርቅ ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮች፣ ከዳርፉርና ከኮርዶፋን ያፈናቀላቸው ሰዎች በጭቃ፣ በቆርቆሮና በጆንያ ቤት የሠሩበት ሰፈር። በጥንቷ የክርስቲያኖች ከተማና በተፈናቃዮቹ ሰፈር መካከል አንድ ወንዝና አምስት መቶ ዓመት አለ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ቆመው ዕድሜያቸውን በመጻሕፍት ሥራ ያሳለፉት ካህን ጣሊያናዊው አባ ጆቫኒ ቫንቲኒ (1923–2010) ናቸው።

ቫንቲኒ የኮምቦኒ ማኅበር ካህን ነበሩ። ማኅበሩን የመሠረቱት ዳንኤል ኮምቦኒ በ1881 እዚያው ካርቱም ያረፉ ጳጳስ ሲሆኑ፣ በ1929 በስማቸው የተከፈተው የካርቱም ኮሌጅ የብዙ ሱዳናውያን ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞችም ተምረውበታል። ቫንቲኒን በሊቃውንት ዘንድ ያስጠራቸው ግን በመካከለኛው ዘመን ስለነበሩት የኑብያ ክርስቲያን መንግሥታት የጻፏቸውና ያሰባሰቧቸው ሥራዎች ናቸው። በ1970 ስለ ፋራስ ቁፋሮ አንድ መጽሐፍ አወጡ። በ1975 «ስለ ኑብያ የሚናገሩ የምሥራቅ ምንጮች» የሚለው ትልቁ ስብስባቸው በሃይድልበርግና በዋርሶ ታተመ። በ1981 ደግሞ የሱዳንን ክርስትና ታሪክ ከጥንት እስከ ዘመናችን የሚተርክ መጽሐፍ ጨመሩ።

የዚህ ዳሰሳ ክርክር የሚያተኩረው በመካከለኛው መጽሐፍ ላይ ነው። ቫንቲኒ የራሱን ዜና መዋዕል ላላቆየ ሕዝብ ጎረቤቶቹ የጻፉለትን አንድ ላይ ሰብስበው መዝገብ ሠሩለት። የመጽሐፉ ጥንካሬም ድካምም የሚፈልቀው ከዚሁ ነው፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ በዚያ መዝገብ ውስጥ የጎረቤትነት ድርሻና ያልተከፈለ ዕዳ አለበት።

ከውኃ በፊት የተነበበች አገር

የኑብያ ጥናት እንደ ራሱ የቻለ ዘርፍ የተወለደው በጥድፊያ ነው። ግብፅ በጥር 1960 የአስዋንን ታላቅ ግድብ መሥራት ስትጀምር፣ ሐይቁ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተዘርግቶ የግብፅንና የሱዳንን ኑብያ እንደሚውጥ ታወቀ። ዩኔስኮ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለዓለም ጥሪ አቀረበ፤ ከብዙ አገር የመጡ ቡድኖችም ውኃው ሳይደርስ የሚችሉትን ለማዳን ወረዱ።

ከሁሉ ያስደነቀው ግኝት የፋራስ ነበር። በካዚሚየሽ ሚሃዎፍስኪ የሚመራው የፖላንድ ቡድን ከ1961 እስከ 1964 በሱዳንና በግብፅ ድንበር ላይ አንድ ኮረብታ ሲቆፍር፣ በአሸዋ የተሞላ ሙሉ ካቴድራል አገኘ። አሸዋው ግድግዳውን ደግፎ፣ ሥዕሉን ከፀሐይና ከነፋስ ሸሽጎ አቆይቶታል። ከመቶ የሚበልጡ የግድግዳ ሥዕሎች ተላጡ፤ 67ቱ ወደ ዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ሲሄዱ የቀሩት በ1971 ለተከፈተው የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ደረሱ። ጣቷን በከንፈሯ ላይ ያደረገችው ሐና ዋርሶ ናት፤ በእቶን እሳት መካከል የቆሙት ሠለስቱ ደቂቅ ካርቱም ቀሩ። በአንድ የግድግዳ ጎድጓዳ ውስጥ የተገኘው የፋራስ ጳጳሳት ስም ዝርዝር 27 ስሞችን በቅደም ተከተል ይዟል። እስከዚያ ድረስ ስለ ኑብያ ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው ተረት የሚመስል ነገር ብቻ ነበርና፣ ዝርዝሩ ለታሪኩ የዘመን አከርካሪ ሰጠው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌላ ነገርም ተፈጽሟል። ሃምሳ ሺህ የሚሆኑ የሱዳን ኑብያውያን በ1964 ከዋዲ ሐልፋ ተነሥተው በምሥራቅ ሱዳን በኸሽም አል ጊርባ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ያ ስፍራ የእኛ ተከዜ የሚገባበት የአትባራ ወንዝ የሚያጠጣው ሜዳ ነው። ሥዕሎቹ በሣጥን ተጭነው ወደ ሙዚየም ሲሄዱ የሥዕሎቹ አገር ሰዎች በባቡር ተጭነው ወደማያውቁት ምድር ሄዱ። የቫንቲኒ የምሁርነት ሥራ የተገነባው በዚህ መፈናቀል ላይ ነው፤ ማዮን የሠራው መፈናቀል የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ ነበር።

በሥዕሎቹ ላይ የተጻፉት ስሞችና ማዕረጎች ጥያቄ አስነሡ። ይህ ጳጳስ ማን ነው? የትኛው ንጉሥ ሾመው? ከግብፅ ጋር እንዴት ኖሩ? ቆፋሪዎቹ በአብዛኛው የግብፅና የግሪክ ሥልጣኔ ሊቃውንት በመሆናቸው መልሱ ያለበትን የዐረብኛና የሱርስት ጽሑፍ በቀላሉ አያገኙትም ነበር። ጽሑፎቹም በካይሮ፣ በላይደን፣ በፓሪስ፣ በቤይሩት በተለያየ ጊዜ ታትመው የተበታተኑ ነበሩ። በ1969 በጀርመኗ ኤሰን ከተማ የኑብያ አጥኚዎች ሲሰበሰቡ፣ በ1972 ደግሞ በዋርሶ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ የጎደለው ነገር ግልጽ ሆኖ ነበር። ክፍተቱን የሞላው የካርቱሙ ካህን ስብስብ ነው።

የምስክሮች ጉባኤ

መጽሐፉ ከ600 ገጽ በላይ ነው። ከሎንጊኖስ ደብዳቤ አንሥቶ በ1442 እስከሞተው እስከ አል መቅሪዚ ድረስ ያሉ ጸሐፊዎች ስለ ኑብያ የጻፉትን በዘመን ቅደም ተከተል አሰልፎ በእንግሊዝኛ ያቀርባል። ቫንቲኒ ከእነዚህ ሁሉ አንድ ወጥ ትረካ ሊሠሩ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የአገር ሽማግሌ ምስክሮችን ለየብቻ እንደሚሰማ፣ እያንዳንዱን ጸሐፊ በስሙ፣ በዘመኑና በቃሉ አቁመው ፍርዱን ለአንባቢ ተዉ።

ጥቅሙን የሚያሳይ ምሳሌ የጊዮርጊስ የባግዳድ ጉዞ ነው። በ836 መዲናው ዶንጎላ የነበረው የሌላው የኑብያ መንግሥት፣ የማኩርያ፣ ንጉሥ ዘካርያስ ልጁን ጊዮርጊስን ወደ ኸሊፋው አል ሙዕተሲም ላከ። ጉዳዩ «ባቅጥ» ነበር፤ ከ652 ጀምሮ ኑብያና የእስላም ግብፅ የሚመሩበት ውል፣ ኑብያ በየዓመቱ ባሮች የምትልክበት፣ ግብፅም እህልና ጨርቅ የምትሰጥበት። ለብዙ ዓመት የተቋረጠው ግዴታ እንዲከፈል ተጠይቆ ስለነበር ልዑሉ ሊደራደር ሄደ። የዐረብ ጸሐፊዎች የሚነግሩን የድርድሩን ውጤት፣ የክፍያውን ዘመን መራዘም፣ የስጦታውን ዓይነት ነው። ፓትርያርክ ሚካኤል ሶርያዊ ያቆየልን ምስክርነት ደግሞ ከቀድሞው ፓትርያርክ ከዲዮናስዮስ ዘቴል ማሕሬ የተወሰደ ነው፤ ዲዮናስዮስ ልዑሉን በዓይኑ አይቶታል። ከእርሱ የምናገኘው በግመል ላይ የተቀመጠ ወጣት፣ ከአናቱ የወርቅ መስቀል ያለበት ጥላ፣ አጅበውት የሚሄዱ ጳጳሳትና ፈረሰኞች ነው።

ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ሰው ይናገራሉ፣ ግን አንዱ ባለዕዳ ያያል፣ ሌላው የሃይማኖት ወንድም። የዘመን አቆጣጠራቸውም አይገጥምም። ቫንቲኒ በ1970 በታተመ ጥናታቸው ጉዞው አንድ ነበር ወይስ ሁለት ብለው የጠየቁት ከዚህ ተነሥተው ነው። ጥያቄው ሊነሣ የሚችለው ምስክሮቹን ጎን ለጎን ላቆማቸው ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በቀጥታ የእኛ ነው። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ በሚባለው የዐረብኛ መጽሐፍ፣ ከ979 እስከ 1003 በመንበሩ በቆዩት በአባ ፊላታዎስ ዘመን፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኑብያው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው መልእክት ይነበባል። ንጉሡ የሚያለቅሰው አንዲት ሴት ነግሣ አገሩን ስለወረረች፣ ከተሞቹን ስላቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ስላፈረሰች ነው። መከራው የመጣው ቀደም ሲል አባቶቹ በጳጳስ ጉዳይ ባጠፉት ጥፋት ነው ብሎ ያምናል፤ በዚያ ምክንያት ግብፅ ለብዙ ዘመን ጳጳስ አልላከችለትም። የኑብያው ንጉሥ እንዲያማልደው ይለምናል። ጊዮርጊስ ጻፈ፤ ፓትርያርኩም ዳንኤል የተባለ መነኩሴ ጳጳስ አድርገው ላኩ።

ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ጽሑፍ የሚያገኘው ስለ ዮዲት ጉዲት ሲያነብ ነው፤ የሚጠይቀውም ሴቲቱ ማን ናት፣ ከየት መጣች የሚለውን ነው። በቫንቲኒ ስብስብ ውስጥ ሲያነበው ግን ዓይኑ ወደ ሌላው ሰው ይዞራል። በአሥረኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የአክሱም ወራሽ የሆነ ንጉሥ ከእስክንድርያ ለመታረቅ ዶንጎላ ያለውን ጎረቤቱን ይፈልግ ነበር። ኑብያ ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር የምትነጋገርበት በር ነበረች። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሩ በተቃራኒው ተንኳኳ፦ ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በልብነ ድንግል ግቢ ሳሉ ከኑብያ ስድስት ሰዎች መጥተው ካህናትና መነኮሳት እንዲላኩላቸው ሲለምኑ አዩ። ንጉሡ የራሱን ጳጳስ ከእስክንድርያ እንደሚያስመጣ፣ የሌላ የሚሰጠው እንደሌለው ነግሮ መለሳቸው። አልቫሬዝ ከአንድ የሶርያ ተወላጅ የሰሙትንም ጽፈዋል፤ በዚያ ምድር ግድግዳቸው ላይ የስቅለትና የእመቤታችን ሥዕል ያለባቸው 150 ያረጁ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ።

የጎደለውን ከጎረቤት መሙላት

ይህን ዓይነት ሥራ በእኛ በኩል ቀድሞ የሠራ ካህን አለ። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ገዳማቸው በ1531 በግራኝ ጦር በተቃጠለበት ዘመን ሮም ገቡ፤ ከቫቲካን ጎን ባለችው የሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ ጎደሎ ስለነበር የቀረውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው ሞሉት። ይህንንም አልደበቁም። ለአንባቢው ገለጹለት፤ ስለ ፊደል ስሕተቱም አታሚዎቹ ቋንቋውን አለማወቃቸውን ጠቅሰው ይቅርታ ጠየቁ።

ተስፋ ጽዮንና ቫንቲኒ የተገናኙት በአሠራር ነው። አንዱ ከአፍሪካ ወደ ሮም፣ ሌላው ከጣሊያን ወደ አፍሪካ ሄደው፣ ሁለቱም እሳት ወይም ዘመን የበላውን ጽሑፍ በጎረቤት ቋንቋ ሞልተዋል። የሚለያቸው መጠኑ ነው። ተስፋ ጽዮን የሞሉት ከአንድ መጽሐፍ የተወሰነ ክፍል ሲሆን ዙሪያውን የያዘው ግዕዝ ነበር። የቫንቲኒ ገጾች ሁሉ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ በመካከላቸው ኑብያዊ ድምፅ አይሰማም። የመጽሐፉ ዋና ችግር ከዚህ ይጀምራል።

የዐረብ ጸሐፊ ስለ ኑብያ የሚጽፈው አንድ ነገር ሲነካው ነው፦ ባቅጥ ሲዘገይ፣ ጦር ሲዘምት፣ መልእክተኛ ሲመጣ፣ የግብፅ ገዥዎች የነበሩት ማምሉኮች የዶንጎላን ዙፋን ሲያወርዱና ሲያወጡ። እነዚህን በተከታታይ ያነበበ ሰው ኑብያ ከግብፅ ጋር ከመጣላትና ከመታረቅ በቀር ሌላ ሥራ ያልነበራት አገር ትመስለዋለች። ምርጡ ምስክር ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ይህ ሰው ፋጢማውያን ግብፅን በያዙ ሰሞን ወደ ንጉሥ ጊዮርጊስ የተላከ መልእክተኛ ነበር። ስለ ሶባ ያማሩ ሕንጻዎች፣ ሰፋፊ ገዳማት፣ በወርቅ ስለተሞሉ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ጽፏል፤ የአልዋ ሰዎች መጻሕፍታቸው በግሪክ እንደሆኑና ወደ ቋንቋቸው እንደሚተረጉሟቸውም መዝግቧል። ግን የራሱ መጽሐፍ ጠፍቶ የምናነበው ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አል መቅሪዚ የመረጠለትን ቁራጭ ነው። የሶባ ወርቅ በሁለት ሰው እጅ አልፎ ነው የሚደርሰን።

በዚህ ላይ የአፈሩ ምስክርነት እየተጨመረ ሄደ። በግብፅ ኑብያ ባለው በቀስር ኢብሪም ምሽግ በ1964 የጳጳስ ጢሞቴዎስ መቃብር ሲገኝ፣ በ1372 የተጻፉ አንድ የቅብጥና አንድ የዐረብኛ ጥቅል ከሥጋው ጋር ነበሩ፤ ክርስትናው ከጠፋ ቆይቷል በሚባልበት ዘመን አንድ ጳጳስ የሹመት ደብዳቤውን ይዞ ተቀብሯል። በዚያው ስፍራ በ1972 የወጣው የ758 የዐረብኛ ደብዳቤ የግብፁ ገዥ ለኑብያው ንጉሥ ያቀረበውን ወቀሳ ይዟል፤ ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ብዕር በፊት ጉዳዩ እንዴት ይነገር እንደነበር ያሳያል። የታሪክ ተመራማሪው ጄይ ስፖልዲንግ በ1995 ባቅጥ የተሸናፊ ግብር ነው የሚለው ሥዕል የኋለኞቹ ጸሐፊዎች ሥራ እንደሆነ ተከራከረ። ጆቫኒ ሩፊኒ በ2012 ከቀስር ኢብሪም የወጡትን የጥንታዊ ኑብያ ቋንቋ ሰነዶች መርምሮ ሌላ ኑብያ አቀረበልን፦ መሬት በገንዘብ የሚሸጥበት፣ ሴቶች ውል የሚዋዋሉበት፣ ምስክሮች በውሉ ግርጌ ስማቸውን የሚያስጽፉበትና ግብዣ የሚበሉበት አገር። የቫንቲኒን ስብስብ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ይህን ገበያና ይህን ግብዣ አያገኝም።

ስለዚህ መጽሐፉ አርጅቷል ማለት ይቻላል? ስለ መንግሥት ለመንግሥት ግንኙነት፣ ስለ ነገሥታት ቅደም ተከተል፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሹመት የሚጽፍ ሁሉ እስካሁን ቫንቲኒን ይጠቅሳል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ትርጉሙን መነሻ አድርጎ ዋናውን ዐረብኛ መመልከት አለበት፤ የጂኦግራፊ ስሞች አጻጻፍ በተለይ ይህን ያስገድዳል። የሩፊኒ ዓይነት ሥራ ግን ቫንቲኒን አላስወገደም፤ የምስክሮቹን ጉባኤ አስፍቶ ባለጉዳዩን ራሱን አስገባ።

ማዮ ላይ ሲነበብ

የ1981ዱ መጽሐፍ ሌላ ዓላማ ነበረው። የሱዳን መንግሥት በ1964 የውጭ ሚሲዮናውያንን በሙሉ ከደቡብ አስወጥቷል፤ በካርቱም የቀሩት በጥንቃቄ ይኖሩ ነበር። በአደባባይ ክርክር ክርስትና በሱዳን የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ትሩፋት ነው የሚለው አባባል የተለመደ ነበር። ቫንቲኒ ታሪኩን ከስድስተኛው መቶ ዘመን ሲጀምሩት ይህን አባባል በማስረጃ መቃወማቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ የሸሪዓ ሕግ ታወጀ፤ የደቡቡም ጦርነት እንደገና ፈነዳ። ጦርነቱ ያፈናቀላቸው ክርስቲያኖች በመቶ ሺዎች እየሆኑ ወደ ካርቱም ዳርቻ መጡ፤ ማዮም ሰፋ።

በዚያ ሰፈር ያለው ኑሮ ከመጻሕፍት የራቀ ነው። በ1990ዎቹ ቤቶች በቡልዶዘር ይፈርሱ ነበር። የካርቱም ሊቀ ጳጳስ ገብርኤል ዙበይር ዋኮ ሀገረ ስብከት ለተፈናቃይ ልጆች በየሰፈሩ ትምህርት ቤቶች ከፍቶ፣ ዳስና ቆርቆሮ ውስጥ ፊደል አስቆጥሯል። በ2005 አንድ የጣሊያን የሕክምና ድርጅት በማዮ የሕፃናት ክሊኒክ ከፈተ። በ2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ ስትወጣ ብዙዎች ተጭነው ሄዱ፤ ከ2013 በኋላ በአዲሱ አገር ጦርነት ሲነሣ ከፊሎቹ እንደ ስደተኛ ተመለሱ። በ2017 ከዚያው አካባቢ ብዙም በማይርቀው በሶባ አራዲ ሰፈር የሱዳን የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሰ። በ2023 በሱዳን በፈነዳው ጦርነት ደግሞ፣ በመስከረም ወር በማዮው ጎሮ ገበያ ላይ የወደቀ የአየር ጥቃት ከ40 በላይ ሰዎችን ገደለ።

ይህን ያየ ተሟጋች የቫንቲኒን መጽሐፍ አንሥቶ «እናንተ ከሶባ ክርስቲያኖች የመጣችሁ የቤቱ ልጆች ናችሁ» ለማለት ይፈተናል። ማስረጃው ግን ያን ያህል አይሸከምም። ሶባ በ1500 አካባቢ ከወደቀችና የፉንጅ መንግሥት ሴናር ላይ ከተተከለ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰንሰለት ተቆርጧል፤ የዛሬዎቹ የማዮ ክርስቲያኖች እምነት የመጣው በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን ሚሲዮናውያን በኩል ነው። ዲንካው፣ ኑዌሩ ወይም ሺሉኩ ከዶንጎላ ነገሥታት ጋር የዘር ሐረግ የለውም። ከኑባ ተራሮች የመጡት ጥቂት ማኅበረሰቦች ግን፣ የዲሊንግ አካባቢ ሰዎች ለምሳሌ፣ ከጥንታዊው የኑብያ ቋንቋ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ይህም ቢሆን የቋንቋ ዝምድና እንጂ የቤተ ክርስቲያን ውርስ ማስረጃ አይሆንም።

የመጽሐፉ ትክክለኛ ጥቅም ጠበብ ያለ ቢሆንም ጽኑ ነው። በሱዳን ምድር ክርስቲያን መንግሥታት በእስልምና ጎረቤትነት ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ኖረዋል፤ በሶባ ውስጥ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ነበር፤ ዶንጎላ ያለው የዙፋን አዳራሽ በ1317 መስጊድ ሲሆንም በሰሜን ጳጳሳት ይሾሙ ነበር። አብሮ መኖር በዚያ አገር አዲስ ሙከራ እንዳልነበረ ለማሳየት የዘር ሐረግ መሥራት አያስፈልግም፤ የኢብን ሱለይም ምስክርነት ይበቃል፤ እርሱም ሙስሊም ነበር።

ችግሩ ያ ምስክርነት የተቀመጠበት ቦታ ነው። የ1975ቱ ስብስብ በአውሮፓ የታተመ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ መጽሐፍ ነው። ምንጮቹ በአብዛኛው ዐረብኛ ሆነው ሳለ፣ የማዮ ወጣት ደግሞ በትምህርት ቤትም በገበያም የሚጠቀመው ዐረብኛ ሆኖ ሳለ፣ በመካከላቸው እንግሊዝኛ ቆሟል። አሁን ደግሞ የካርቱም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ራሳቸው የዚሁ የ2023ቱ ጦርነት ሰለባ ሆነዋል፦ በግንቦት 2023 የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ፤ ብሔራዊ ሙዚየሙም ተዘርፏል። ምንጮቹን በዋናው ዐረብኛ፣ በአጭር ማብራሪያ፣ በርካሽ ዋጋ ወይም በነጻ በስልክ የሚነበቡ አድርጎ መመለስ ለሱዳን ምሁራን የቀረ ሥራ ነው።

የግዕዙ ድርሻ

ኢትዮጵያውያን ሊሠሩት የሚገባው ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። የቫንቲኒ ስብስብ ሲታተም የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣቱ ፕሮጀክት ከተጀመረ ሁለት ዓመቱ ነበር። በ1973 የተጀመረው ያ ሥራ በጊዜ ሂደት ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዘርዝረዋቸዋል። ቫንቲኒ ይህን ሀብት ሊጠቀሙበት አይችሉም ነበር። ለእርሳቸው ትውልድ ስለ ኑብያ የሚናገረው ግዕዝ በአውሮፓ የታተመው ብቻ ነበር።

ያ የታተመው እንኳ ትንሽ አይደለም። የአራተኛው መቶ ዘመኑ ንጉሥ ዔዛና በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ተከዜን ተሻግሮ ኖባን እንደወጋ፣ የድንጋይ ቤት ካላቸው ከተሞች መካከልም አልዋን እንደጠቀሰ ይታወቃል። ገድለ ኤዎስጣቴዎስ ጻድቁ በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በኖባ ምድር እንዳለፉና ከንጉሡ ጋር እንደተገናኙ ይተርካል። ገድል እንደ ዜና መዋዕል አይነበብም፤ ጻድቁን ለማክበር የተጻፈ ነው። ሆኖም የሰራዬ መነኮሳት በዚያ ዘመን ወደ ግብፅ ሲሄዱ የሚያልፉበት የየብስ መንገድ በክርስቲያን ንጉሥ እጅ እንደነበር ያውቁ እንደነበር ይመሰክራል። የዐረብ ጸሐፊዎች በዚያው ምዕተ ዓመት ዶንጎላ በሙስሊም ገዥዎች እጅ እንደነበረች ይናገራሉ። በቫንቲኒ አሠራር ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አዲስ ጥያቄ ይወለዳል፤ ኤዎስጣቴዎስ ያገኙት ንጉሥ የየትኛው ግዛት ነው?

ከዚህ አንጻር የሚያስፈልገው የ1975ቱን መጽሐፍ መተርጎም ብቻ አይደለም። በገድላት፣ በተአምራት፣ በስንክሳር፣ በብራና ኅዳግ ላይ በተጻፉ ማስታወሻዎችና ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ መነኮሳት ዜና ውስጥ ኖባን የሚያነሡ ክፍሎች ተለቅመው፣ ከስንት ቅጂ እንደተወሰዱ ተገልጾ፣ የትኛው ከዐረብኛ እንደተተረጎመና የትኛው አገር ውስጥ እንደተጻፈ ተለይቶ አንድ መድብል ሊወጣ ይገባል። ልዩነቱ ወሳኝ ነው፤ ስንክሳሩ በአብዛኛው ከግብፅ የመጣ ስለሆነ የግብፅን ምስክርነት በግዕዝ ይደግማል እንጂ አዲስ ምስክር አይጨምርም። ገድለ ኤዎስጣቴዎስ ግን ይጨምራል።

በሶባ በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ቡድን በአንድ ጉብታ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ የሦስት አብያተ ክርስቲያናት መሠረት ቆፍሮ አውጥቷል፤ የቀይ ሸክላ ጡባቸው በ19ኛው መቶ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር ለሕንጻ ተጭኖ አልቆ ነበር። በ2019 የፖላንድ ቡድን አዲስ ጥናት ጀመረ፤ የ2023ቱ ጦርነት አቋረጠው። ቆፋሪዎቹ የሚመለሱበት ቀን ሰላምን ይጠብቃል። የግዕዙ መድብል የሚጠብቀው ግን የቁፋሮ ፈቃድ የለም፤ ማይክሮፊልሞቹ አዲስ አበባና በአሜሪካ ኮሌጅቪል ተቀምጠዋል፣ ብዙዎቹም በኢንተርኔት ይታያሉ። ሥራው ዐረብኛና ግዕዝ የሚያነቡ ሁለት ሦስት ሰዎች፣ የጥቂት ዓመት ደመወዝና ከቫንቲኒ የተወረሰ አንድ ሥርዓት ይፈልጋል፦ እያንዳንዱ ምስክር በራሱ ስም፣ በራሱ ዘመን፣ ሳይቀላቀል እንዲቆም።